ለአማት የሚሆን ጠርሙስ

[ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ፣ የገና ዋዜማ፣ ረፋድ ላይ። ሙቀቱ ታኅሣሥ መሆኑን አልሰማም። ሁለት ሰዎች ከአንድ ግሮሰሪ ፊት ለፊት፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የደብረ ሲናው ሚኒባስ እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ካሳሁን የሽንኩርትና የማሾ ደላላ ነው፤ ለበዓል የገዛው ጫማ ስለጠበበው አንዱን አውልቆ ጣቶቹን ያናፍሳል። ዓለሙ ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው፤ እግሮቹ መሃል ዶሮ ያለችበት ቅርጫት አስቀምጧል። የሸሚዙን የደረት ኪስ ስልክ ወጥሮታል።]

ካሳሁን፦ ዶሮ ስጦታ አይደለችም አልኩህ።

ዓለሙ፦ ምንድን ናት ታዲያ?

ካሳሁን፦ ምሳ ናት። ስጦታ ማለት ጠርሙስ ነው። ጠርሙስ ሲሰጡህ ቡፌ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ እንግዳ ሲመጣ ታሳየዋለህ። ዶሮ ቡፌ ላይ ትቀመጣለች?

ዓለሙ፦ የኛዋ አንዳንዴ ራሷ ትወጣለች።

ካሳሁን፦ ነገ እኮ ገና ነው፣ ወንድሜ። ሰው ለአማቱ በግ ይነዳል። በግ ቢያቅተው ቀይ አውራ ዶሮ ይይዛል። አንተ ይህችን ላባዋ የረገፈ አሮጊት ተሸክመህ ልትታረቅ ትሄዳለህ። እስቲ ክብደቷን ልየው።

[እጁን ወደ ቅርጫቱ ይሰዳል። ዶሮዋ ትነቁረዋለች።]

ካሳሁን፦ ይህች ዶሮ ናት ወይስ ዘበኛ?

ዓለሙ፦ መታቀፍ አምሯታል። ሥሯ የገባውን ሁሉ ነው የምትታቀፈው። እጅ አታስገባም።

ካሳሁን፦ [ጣቱን እየመጠጠ] በል ከመጀመሪያው እንያዘው። አንተ ነገር ታበላሻለህ፣ እኔ ላስተካክል። ሚስትህ ሩት የት ናት?

ዓለሙ፦ አባቷ ቤት። ጣርማ በር።

ካሳሁን፦ ከሄደች ስንት ጊዜ ሆናት?

ዓለሙ፦ አምስት ሳምንት። በኅዳር ጽዮን ማግሥት ነው የሄደችው።

ካሳሁን፦ ሄደህ አልለመንክም?

ዓለሙ፦ ሄድኩ። ሽማግሌ ተቀመጠ። አባቷ ጋሼ አስፋው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ልጄ በወባ ስትንቀጠቀጥ መድኃኒት ግዛልኝ ብላ ላከችህ። አመሻሽ ላይ ወጥተህ በማግሥቱ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ተመለስክ፤ መድኃኒቱ ኪስህ ውስጥ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ምን ያዘህ?» አሉኝ።

ካሳሁን፦ አንተስ ምን አልክ?

ዓለሙ፦ «ዶሮ ጫማዬን ታቅፋብኝ ነው» አልኳቸው።

ካሳሁን፦ [ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል] ይኼ ለሽማግሌ የሚነገር ነገር ነው?

ዓለሙ፦ እውነት ነዋ።

ካሳሁን፦ እውነትማ ነው። እኔ ምን አልኩ። እውነት ግን ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ ነው የሚቀርበው። ጥሬውን አታቀርበውም። ምን አሉህ?

ዓለሙ፦ ሳቁ። አብረው የተቀመጡት ቄስ እንኳ ሳቁ። ሩት ግን አልሳቀችም። ጋሼ አስፋው «ስካሩ እስካሁን አልበረደልህም» ብለው አስወጡኝ። «እስከ ገና እጠብቅሃለሁ። የሚታመን ነገር ይዘህ ካልመጣህ ከበዓሉ በኋላ ሣጥኗን አስመጣለሁ» አሉ።

ካሳሁን፦ ሣጥን ከወጣ ሚስትም ወጣች ማለት ነው።

ዓለሙ፦ እሱን ነው የፈራሁት። ቤት ስገባ ሣጥኑን እያየሁ ነው የምተኛው።

ካሳሁን፦ እንግዲህ የሚታመን ነገር ማለት ምን ማለት ነው? ጠርሙስ ማለት ነው። ጠርሙስ የገባበት ቤት ጥያቄ ይቀራል። ጠጪ ሰው መጠየቅ ያቆማል፣ መመለስ ይጀምራል። አንተ ዝም በል፤ አፍ የለህም። እኔ እናገርልሃለሁ።

ዓለሙ፦ አፍስ የለኝም። ትናገርልኛለህ?

ካሳሁን፦ ስንት ኩንታል ማሾ በዚህች ምላስ ሸጫለሁ። አንዲት ሚስት ታቅተኛለች?

ዓለሙ፦ እንግዲያው ጠጋ በል። ከዚህ ሁሉ ባጃጅ ጋር አይሰማም።

[ዓለሙ ደረቱን ያስጠጋል።]

ካሳሁን፦ ኪስህ ውስጥ ምን ያበራል?

ዓለሙ፦ አዲሱ ስልክ ነው። አዘጋጉን ገና አልለመድኩትም።

ካሳሁን፦ ሽንኩርት ያለማ ሁሉ ስልክ ገዛ። በል ወደዚያ መስኮት ተመልከት። ያ የፈረስ ሥዕል ያለበት ውስኪ ነው። ለአማት አንደኛው እሱ ነው። ካርቶኑን እይ፣ ወርቅ የተቀባ ነው።

ዓለሙ፦ ውስጡ ምን ይመስላል?

ካሳሁን፦ ውስጡን ማን ያየዋል? ውስኪ የሚጠጣ ነገር አይደለም፣ የሚቀመጥ ነገር ነው። እኔ ቤት ቡፌው ላይ ያለውን አላየህም? ውስኪው ካለቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ሻይ ሞልቼበት ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ያከብረኛል።

ዓለሙ፦ ልጅህ ክርስትና የተነሣ ቀን የቀዳህልኝ...

ካሳሁን፦ ሻይ ነው።

ዓለሙ፦ ሰክሬ እኮ ነው የወጣሁት።

ካሳሁን፦ ይኼ ነው የጠርሙስ ክብር።

ዓለሙ፦ በሰው ትከሻ ነው የገባሁት። ሩት እግሬን አጥባ ነው ያስተኛችኝ።

ካሳሁን፦ በስኳር ነበር፣ እግዜር ይስጥህ በል። እሺ፣ ውስኪው ይቅር። አባቷ አዋቂ ሰው ናቸው፣ ጠርሙሱን ከፍተው ያሸቱታል። ጠጅ ደግሞ...

ዓለሙ፦ ጠጅ ለደብረ ሲናው ደንበኛህ ፋሲካ ሞክረነዋል።

ካሳሁን፦ ያንን አታንሣው።

ዓለሙ፦ «ኃይሉ እንዳይወጣ ጀሪካኑን ግጥም አድርገህ ዝጋው» አልከኝ። ዘጋሁት። ከአርማንያ ሽቅብ መውጣት ስንጀምር እንደ በሬ ሆድ ተነፋ። ትንሽ ላስተንፍሰው ስልህ «ተው፣ ኃይሉ ይወጣል» አልክ።

ካሳሁን፦ ወጣ አይደል?

ዓለሙ፦ ከጎናችን ተቀምጠው የነበሩት እትዬ ከዲጃ ላይ ነዋ የወጣው። ሴትዮዋ ነጭ ለብሰው ለወንድማቸው ልጅ የኒካህ ሰርግ ይሄዱ ነበር።

ካሳሁን፦ ምን አሉ ግን?

ዓለሙ፦ መጀመሪያ አላህን ጠሩ። ቀጥለው አንተን ሰደቡ። «ስልሳ ዓመት አንዲት ጠብታ ሳትነካኝ ኖሬ፣ ዛሬ ከነጀሪካኑ» አሉ። ደብረ ሲና ወርደው ልብሳቸውን ሲያጥቡ እኔ ነኝ ውኃ ያፈሰስኩላቸው። አንተ መኪና ውስጥ ተኝተህ ነበር።

ካሳሁን፦ አልተኛሁም፣ ዓይኔን ጨፍኜ አስብ ነበር። ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ሽቅብ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል። የቆላ ጠጅ ደግሞ ወፍራም አየር የለመደ ነው፤ ሲሳሳበት ይቆጣል።

ዓለሙ፦ ይህንን ያኔ ታውቅ ነበር?

ካሳሁን፦ ያኔማ ገና አልፈነዳም ነበር።

ዓለሙ፦ ቢራስ? አንድ ሳጥን ቢራ።

ካሳሁን፦ ከዚህ ሙቀት ወጥቶ ትኩስ ቢራ ለአማት?

ዓለሙ፦ ጣርማ በር ሲደርስ ይበርዳላ። እዚያ እንኳን ቢራው እኛም እንበርዳለን።

ካሳሁን፦ አንዴ የሞቀ ቢራ አይበርድም። ቢበርድም ከላይ ብቻ ነው። የማታውቀውን አትናገር።

[ተነሥቶ በአንድ ካልሲ እያነከሰ እስከ ግሮሰሪው መስኮት ይሄዳል፤ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ጠርሙሶቹን ያያል። ዓለሙ ጎንበስ ብሎ ቅርጫቱን ያስተካክላል። ዶሮዋ ትንሽ ታጉረመርምና ዝም ትላለች። ካሳሁን ይመለሳል።]

ካሳሁን፦ ደረስኩበት። ይህ ሁሉ የፋብሪካ ዕቃ ምንም አይሠራም። አረቄ ነው። የእትዬ አበበች ዳግም አረቄ። የጣርማ በርን ብርድ የሚያወጣ እሱ ነው። ደግሞ የገብስ ስለሆነ ጾም ነው፣ ዛሬም ቀምሰን ነው የምንገዛው።

ዓለሙ፦ የዚያን ቀን ማታ የጠጣነው?

ካሳሁን፦ የዚያን ቀን ማታ የጠጣነው። አልጣፈጠህም?

ዓለሙ፦ እኔ እንጃ። ከመድኃኒት ቤት ስወጣ ነው ያገኘኸኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ መናገር አልችልም። ሽማግሌዎቹ ፊትም ተወለካከፈብኝ።

ካሳሁን፦ እኔ ልንገርህ። ከመድኃኒት ቤት እየሮጥክ ወጣህ። «ወዴት ነው?» ስልህ «ሩት ታማለች፣ ልሂድ» አልክ። እኔም «ወባ ዛሬ ነው እንዴ የመጣው፤ አያቶቻችንም ከወባ ጋር ነው የኖሩት። አንድ ብቻ ጠጥተህ ትሄዳለህ» አልኩህ።

ዓለሙ፦ ምን አልከኝ? ባጃጅ አለፈ።

ካሳሁን፦ [ድምፁን ከፍ አድርጎ] አንድ ብቻ ጠጥተህ ትሄዳለህ አልኩህ።

ዓለሙ፦ እኔስ እንቢ አላልኩም?

ካሳሁን፦ አልክ። ሦስት ጊዜ እንቢ አልክ። እኔ ነኝ በክንድህ ጎትቼ ያስገባሁህ። እንኳን አንተን የመቶ ኩንታል ሻጭ ጎትቻለሁ።

ዓለሙ፦ ከዚያስ?

ካሳሁን፦ አንተ አልነበርክም እንዴ?

ዓለሙ፦ ነበርኩ። አንተ ስትናገረው ግን ይያያዛል።

ካሳሁን፦ [ደስ ይለዋል፤ ተስተካክሎ ይቀመጣል] ይያያዛል። ስማ እንግዲህ። እትዬ አበበች ለጽዮን ብለው ወለላቸውን አዲስ ለቅልቀውት ነበር። ሁላችንም ጫማ ደጃፍ አውልቀን ገባን። አንተ አንዷን ጨለጥክና ተነሣህ። ይኼ ነውር ነው። ጋባዥህ ገና ሁለተኛውን ሳያዝ ትነሣለህ?

ዓለሙ፦ መድኃኒቱ ኪሴ ውስጥ ነበራ።

ካሳሁን፦ መድኃኒቱ የትም አይሄድም። እኔ ግን ብቻዬን ልቀር ነው። ስለዚህ ወደ ደጅ ወጣ አልኩና አንዱን ጫማህን አንሥቼ ጓዳው በር ላይ እንቁላል የታቀፈችው ዶሮ ሥር ወሸቅኩት።

ዓለሙ፦ የት?

ካሳሁን፦ ዶሮዋ ሥር።

ዓለሙ፦ ማን ነው የወሸቀው?

ካሳሁን፦ ዛሬ ጆሮህን ምን ነካህ? እኔ ነኝ። እኔ ካሳሁን፣ በገዛ እጄ፣ ያንተን የቀኝ እግር ጫማ፣ ዶሮዋ ሥር ወሸቅኩት። እጄን ነቁራኛለች፣ ምልክቱ ይኸው።

ዓለሙ፦ ምልክቱም አለ።

ካሳሁን፦ አለ እንጂ። አንተ ልትወስደው ስትል እንደዚያው ነቆረችህ። እትዬ አበበችም «እንቁላሌን እንዳትሰብርብኝ፣ ስትነሣ ትወስዳለህ» አሉ። ጠበቅክ። እየጠበቅክ ጠጣህ።

ዓለሙ፦ እየጠበቅኩ ጠጣሁ። እሱን አልክድም። ጥፋቴ ነው። ዶሮ ሲመሽ እንደማትነሣ መች አሰብኩ።

ካሳሁን፦ እኔማ አስቤያለሁ። ለዚህ አይደል እዚያ የከተትኩት። ውሻ ሥር ብከተው ውሻ ይነሣል። ዶሮ ከመሸ እስከ ንጋት ፍንክች አትልም።

ዓለሙ፦ በባዶ እግሬም ልሂድ ብዬህ ነበር።

ካሳሁን፦ «የቆላ ሌሊት ነው፣ እሾኹም እባቡም ይጠብቅሃል» አልኩህ። እዚህ ላይ ሕይወትህን አትርፌያለሁ። ይህን ለሩት ብትነግራት ታመሰግነኝ ነበር።

ዓለሙ፦ ሩት እኮ ሌሊቱን ብቻዋን ነው ያደረችው። ትኩሳቱ ሲብስባት ጎረቤታችን ኑርሃን ናት አጥር ዘላ የደረሰችላት። የራሷን ልጅ መድኃኒት አካፍላት ነው አብራት ያነጋችው።

[ካሳሁን ጣቶቹን ያናፍሳል።]

ካሳሁን፦ እሱን አልሰማሁም።

ዓለሙ፦ አልጠየቅህማ።

ካሳሁን፦ በል፣ ያለፈው አለፈ። እንግዲህ አረቄውን ሁለት ጠርሙስ እንገዛለን። አንዱ ለጋሼ አስፋው፣ አንዱ ለሽማግሌዎቹ። እኔ ለመንገድ ትንሽ እቀንስለታለሁ፣ እንዳይፈነዳ። አንተ ገብተህ ጠርሙሱን ታቀርብና ዝም ትላለህ። ሁለተኛው መለኪያ ላይ ሲደርሱ ጫማውንም ዶሮዋንም ይረሳሉ።

ዓለሙ፦ ጋሼ አስፋው አይጠጡም።

ካሳሁን፦ ምን?

ዓለሙ፦ ለሚካኤል ተስለው ትተውታል። ስምንት ዓመታቸው ነው። በዓልም ቢሆን እዚያ ቤት የማያሰክረው ቀሪቦ ብቻ ነው የሚጠመቀው። የሰፈሩ እስላምና ክርስቲያን አንድ ላይ የሚጠጣው እሱን ነው።

ካሳሁን፦ አንተ ሰውዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውስኪ ስል፣ ጠጅ ስል፣ ምላሴ እስኪደርቅ አማርጥልህ ለምን አልነገርከኝም?

ዓለሙ፦ ብነግርህ አረቄው ጋ አትደርስም ነበር።

ካሳሁን፦ አረቄው ጋ ለምን እንድደርስ ፈለግክ?

ዓለሙ፦ ጫማው ያለው አረቄው ጋ ነዋ።

[ዓለሙ ስልኩን ከኪሱ ያወጣና ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ስልኩ እንደበራ ነው።]

ዓለሙ፦ ሩት፣ ተሰማ?

ሩት፦ [ከስልኩ] ተሰምቷል። ሁሉም ተቀምጠዋል። ቄሱም አሉ።

[ካሳሁን ተንጠራርቶ ስልኩን ያያል፤ ከዚያ ሰማዩን ያያል።]

ካሳሁን፦ ይኼ ወንጀል ነው። ሳያስፈቅዱ የሰው ድምፅ ማሰማት በሕግ ያስጠይቃል። አንቀጹን አውቀዋለሁ።

ዓለሙ፦ «እናገርልሃለሁ» አላልከኝም?

ካሳሁን፦ እንዲህ ነው ያልኩህ?

ዓለሙ፦ እኔ አፍ የለኝም፣ ስናገር ሰው ይስቃል። አንተ ግን ተናገርክ፣ ማንም አልሳቀም። እግዜር ይስጥህ።

ሩት፦ [ከስልኩ] ዓለሙ፣ አባባ እንዲህ ይላሉ። ጠርሙስ የሚባል ነገር እንዳታመጣ። አንተ ና። እኔ ደግሞ ያልኩህን አስታውስ፤ የጠጣኸው የራስህ ነው፣ እሱን ዶሮ አላጠጣችህም።

ዓለሙ፦ አላጠጣችኝም።

ሩት፦ ሲመሽ ከቤት የምትወጣ ከሆነ ሣጥኑን ራሴ ተሸክሜ ነው የምሄደው። ኑርሃን አጥሩን ዳግመኛ አትዘልልኝም።

ዓለሙ፦ አልወጣም።

ሩት፦ ደግሞ ያ ደላላ አብሮህ ይምጣ። ያለውን ሽማግሌ ፊት ቆሞ ይድገመው፣ ላንተም ዋስ ይሁን ብለዋል። እስኪገኝ ቀጠሮ አንሰጥም፣ ዛሬውኑ ይምጣ ነው የሚሉት።

ካሳሁን፦ [በሹክሹክታ] የለም በላት።

ዓለሙ፦ የለም በላት ይላል።

ሩት፦ ሰምቼዋለሁ። ዶሮዋንስ ያዝካት?

ዓለሙ፦ ይዣታለሁ። እትዬ አበበች ስለት ነው ብያቸው ነው የሸጡልኝ።

[ስልኩ ይዘጋል። የሚኒባሱ ጡሩምባ ይጮኻል። ካሳሁን ቀስ ብሎ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ ይላል፤ ዶሮዋን ያያታል፤ እሷም ታየዋለች።]

ካሳሁን፦ ይህች ያችው ናት?

ዓለሙ፦ ያችው ናት። ሽማግሌ ያለ ማስረጃ አያምንም።

ካሳሁን፦ ወንድሜ ዓለሙ፣ እኔ ዛሬ ቀጠሮ አለብኝ። አጣዬ ድረስ ለሽንኩርት እሄዳለሁ። ነገ ደግሞ በዓል ነው፣ ሰው ቤቱ ነው የሚውለው። ለጋሼ አስፋው ሰላምታዬን ንገርልኝ። በል ደህና ሁን።

[ይነሣል። በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ይቆማል። ድንጋዩን ዞሮ ያያል፤ ከዛፉ ጀርባ ያያል፤ ከግሮሰሪው በር ሥር ያያል።]

ካሳሁን፦ ጫማዬ የት ሄደ?

[ዓለሙ ቅርጫቱን ወደ ደረቱ ያነሣል። ዶሮዋ ክንፎቿን ዘርግታ፣ አንገቷን ቀብራ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ተመቻችታ ተቀምጣለች። ከሆዷ ሥር አዲስ የጫማ ማሰሪያ ይታያል። ካሳሁን እጁን ይዘረጋል፤ ዶሮዋ አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ ካሳሁን እጁን ይሰበስባል።]

ካሳሁን፦ መቼ ነው የምትነሣው?

ዓለሙ፦ አንተ ነህ የምታውቀው።

[ጡሩምባው እንደገና ይጮኻል። ዓለሙ ቅርጫቱን ታቅፎ ወደ ሚኒባሱ ይሄዳል። ካሳሁን በትኩሱ አስፋልት ላይ በአንድ እግሩ እየዘለለ ይከተለዋል። በሩ ላይ ዓለሙ ሁለት ትኬት ያወጣና ዞር ይላል።]

ዓለሙ፦ ምን ያስቸኩልሃል፣ ግባ። አንድ ቀሪቦ ብቻ ጠጥተህ ትሄዳለህ።